ሙሾ በሣጥን

ጥቅምት 8 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

እኔ ገብረ ኪዳን፣ የአለቃ አሥራተ ማርያም ልጅ፣ በሰቆጣ ከተማ በፍርድ ቤቱ በር ከሾላው ሥር ተቀምጬ ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ሰው፣ ዛሬ በገዛ ስሜ የክስ መዝገብ ከፈትሁ። ተከሳሹ ሣጥን ነው። ስሙን ቴፕ ይሉታል። ቁመቱ ከዳዊት ማኅደር አይበልጥም፤ ጥጋቡ ግን የምስለኔ ነው። ባለቤቱ ነጋዴው ሰላሕ ሙሄ ከአሥመራ አምጥቶ በሱቁ መደርደሪያ ላይ፣ በስኳሩና በላምባው መካከል አስቀምጦታል። የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ይተፋል።

ክሱ ምንድን ነው? ገና አላወቅሁም። ክስ እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ መጀመሪያ ያማል፣ የትኛው ጥርስ እንደሆነ በኋላ ይታወቃል።

ዛሬ ያየሁት ይህ ነው። በሱቁ ደጃፍ ሰው እንደ ጤፍ ተዘርግፎ ማንም አልተናገረም። የሰቆጣ ሰው፣ በማክሰኞ ገበያ፣ ዝም! አዝማሪው ወርቅአገኘሁ ማሲንቆውን አቅፎ ከዳር ቆሟል።

«ምን ይመስልሃል?» አልሁት።

«አያ ገብረ ኪዳን፣ ሰው ሲገባ አያይም። እኔ ባለ ካባ ሲገባ ለካባው፣ ባለ ቁስል ሲገባ ለቁስሉ እገጥማለሁ። ይኸ ግን ማን እንደ መጣ ሳያይ ይዘፍናል። እንዴት ያለ ድፍረት ነው?»

«ታዲያ ማን ይሸልመዋል?»

«ማንም። እሱም አይጠይቅም። ያስፈራኝ ይኸ ነው።»

ወደ ቤቴ ስመለስ ዳገቱ ረዝሞብኛል። ሦስት ጊዜ ቆምሁ፤ እይታውን ለማድነቅ። ማዘጋጃ ቤት መንገዱን አስተካክላለሁ ብሎ አርዝሞት መሆን አለበት። ማመልከቻ ይጻፍ።

ጥቅምት 13፣ እሑድ

ግራዝማች ገብረ አምላክ አረፉ። ቤታችን ሥራ ገባ።

ባለቤቴ ጥሩሐረግ ሙሾ አውራጅ ናት። በዋግ፣ ከዝቋላ እስከ ሰሃላ እሷ ያላለቀሰችለት ሰው ሞተ አይባልም፤ ጠፋ ይባላል። አሠራራችን እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከሟቹ ቤት ሴቶች ዘንድ ትቀመጥና ነገር ታወጣለች፦ የአያቱን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ እትብቱ የተቀበረበትን ቀዬ፣ የሚወደውን፣ የሚቀየመውን። መጥታ ትነግረኛለች፣ እኔ ቤት እየመታሁ እገጥማለሁ፣ እሷ ታወርደዋለች። አገሩ ግጥሙ የሷ ይመስለዋል። ይምሰለው። የአለቃ ልጅ ለሴት ሙሾ ይገጥማል ቢባል ካህናቱ ለሳምንት ይጾሙብኛል።

ጥቅምት 14

ቀብር። ሕዝብ ብዙ። የኔ ግጥም አሸነፈ፦

በሬው ቆሞ ዋለ፣ ሞፈሩ ተሰብሮ፤
ማን ቀምበር ይጭናል፣ ጌታው አፈር አድሮ።

የግራዝማች ባላንጣዎች እንኳ አለቀሱ። በሬዎቹን ስለሚፈልጓቸው ይሆናል።

ግን ይህን ልብ በል፤ ሰላሕ ለቅሶ ሲደርስ ብብቱ አብጦ ነበር። ጋቢውን ገለጥሁት። ሣጥኑ!

«አለቃ፣ አይቆጡ» አለኝ። (አለቃ አባቴ ነበሩ፤ ሰላሕ ማዕረጉን ያለ ርስቱ አውርሶኛል።) «ልጃቸው ደሴ ነው፣ ለቀብሩ አልደረሰም። ለቅሶውን ልኬለት ይሰማ ብዬ ነው።»

«ሙሾ እኮ ለሟች ነው እንጂ ለፖስታ አይደለም።»

«ሟቹማ አይሰሙም፣ አለቃ።»

 አሳለኝ እንጂ መልስ ነበረኝ።

ጥቅምት 22፣ ማክሰኞ

እንደጠረጠርሁት! ሰላሕ አንዱን ካሴት ለልጁ ላከ፣ ግልባጩን ለራሱ አስቀረ። ዛሬ በገበያው መካከል ሣጥኑ የጥሩሐረግን ሙሾ ማውረድ ጀመረ። ጨው ሊገዙ የመጡ የዝቋላ ሴቶች ሸክማቸውን ጣሉ፣ ነጠላቸውን ወደ ወገባቸው አወረዱ፣ አይተዋቸው ለማያውቁት ግራዝማች ደረት መቱ። የሰላሕ እናት እሜቴ ረሒማ የፊት መታጠቢያ ውኃ አቀረቡላቸው። ታጥበው ጨዋቸውን ገዙ።

ከዚያ ምን ሆነ? ካሴቱ አለቀና ሰላሕ ሌላ አስገባ፤ እስክስታ። ያው ሰው፣ ያው ዓይን ገና እንደ ቀላ፣ ትከሻውን ሞከረ። ድሮ በለቅሶና በዘፈን መካከል አርባ ቀን ነበረ። አሁን በመካከላቸው ያለው ሰላሕ ካሴት እስኪቀይር ነው።

ጥሩሐረግን «ድምፅሽን ሸጡት» አልኋት።

«አልተሸጠም። እዚሁ ነው» ብላ ጉሮሮዋን ነካች። ግን ዘወር ብላ ወደ ሱቁ ስታይ አየኋት። ሰው የራሱን መልክ በኩሬ ሲያይ እንደሚያየው።

ጥቅምት 29

ወይዘሮ ታይቱ አረፉ፤ በሬ ቀርቶ ዶሮ ያልነበራቸው ባልቴት። ሌሊቱን ሙሉ አስቤ ስለ ፈትላቸው፣ ስለ እንዝርታቸው መልካም ሙሾ ገጠምሁ። ጥሩሐረግ ልትጀምር ስትል የሟች ወንድም እጁን አነሳ።

«የበሬዋን አውርጂልን።»

«የቱን የበሬ?»

«በሰላሕ ሱቅ ያለችውን። በሬው ቆሞ ዋለ የሚለውን።»

«እሜቴ ታይቱ በሬ አልነበራቸውም እኮ!»

«ምነው፣ እህቴ ከግራዝማች ታንሳለች? እኛ ድሃ ብንሆን ሙሾ እንኳ ይነፈገናል?»

ምን ትበል? አወረደችላቸው። ለባልቴቷ ሞፈር ተሰበረ። አገር አለቀሰ፤ ቃሉን ስለሚያውቀው አብሮ ተቀበለ። ሙሾ ለአንድ ሰው እንደ ከፈን ይሰፋ ነበር፤ ካሁን ወዲያ ሁላችንም በግራዝማች ልክ በተቀደደ ልንቀበር ነው። ክሱ ተገኘ! የእንዝርቱ ግጥም እኔ ዘንድ ቀረ። ሁለታችንም ሥራ ፈት ልንሆን ነው፤ እኔ ቀድሜ።

ኅዳር 3

ጥሩሐረግ በግድ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ለጉንፋን! ድሬሰሩ ጀርባዬን እንደ ከበሮ መታ፣ ጆሮውን ለጥፎ ሰማኝ። ሰው ሁሉ ሰሚ ሆኗል ዘንድሮ። ከዚያ እሷን ወደ ውጭ ጠራትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለጉንፋን ድምፅ ይቀነሳል?

ስትመለስ ነጠላዋን አጣፍታ «ጉንፋን ነው አለ» አለችኝ።

አላልሁም?

ኅዳር 6

በከተማው የሞተ የለም። ጥሩሐረግ ግን ጉሮሮዋ ተዘግቶ ገባች። ለማን አለቀሰች?

ኅዳር 7

ጎረቤታችን ወለተ ሰንበት ያልጠየቋትን የምትመልስ ሴት ናት። አጥር ላይ ተደግፋ፣ «አያ ገብረ ኪዳን፣ ሐሜት አይደለም እንጂ» አለች፤ ስለዚህ ሐሜት እንደሆነ አወቅሁ። «ጥሩሐረግን በሰላሕ ጓሮ በር ስትገባ አየኋት። ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም። ሱቁ ፊት ለፊት ክፍት ሆኖ ሳለ!»

«ጨው ልትገዛ ይሆናል።»

«ባዶ እጇን ነው የወጣችው። ዓይኗ ቀልቶ።»

ሌላ ባል ቢሆን ሌላ ነገር ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ሚስቴን አውቃለሁ፤ የምትከዳኝ በሰው አይደለም፣ በሣጥን ነው። ግጥሞቼን አንድ በአንድ እየወሰደች ለሰላሕ ታወርድለታለች። አንዴ ሁሉም ከገባ በኋላ ሰው ሲሞት ሣጥኑ ይጠራል፤ ጥሩሐረግም አትጠራም፣ እኔም አልጠየቅም። የገዛ ጉሮሮዋን የምትቀብር ሴት በዋግ ተነሥታ አታውቅም።

ኅዳር 9

ነገሩ ከፋ። በእራት ላይ እንዲህ ሆነ።

«የአባትህ አባት ማን ነበሩ?» አለችኝ።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«እንዲሁ።»

«ገብረ ማርያም።»

«ፈረሳቸውስ ማን ይባል ነበር?»

 ስንት ዘመን አብረን ስንኖር ስለ አያቴ ፈረስ የጠየቀችኝ ቀን የለም። ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ፤ የትውልድ ሐረግ የሚጠየቀው ለርስት ክርክር ወይም ለፍች ነው። ጠበቃ ይዛለች ማለት ነው። ወጥመድ ዘረጋሁ። አያቴ ፈረስ አልነበራቸውም፤ በቅሎ ሲያስፈልጋቸው እንኳ ይዋሱ ነበር። ስለዚህ ኮስተር ብዬ፣

«አባ ነጎድጓድ» አልኋት።

አልሳቀችም። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቃሉን ያዘችው። «እትብትህስ የት ነው የተቀበረው? ዝቋላ፣ በእናትህ አገር አይደል?»

«አዎን። ልታወጪው ነው?»

«ብላ እንግዲህ፤ ይቀዘቅዛል» አለችና ወደ ምድጃው ዞረች። ዞራ ብዙ ቆየች።

ይቆየን። «አባ ነጎድጓድ» የሚል ጽሑፍ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደሚወጣ እናያለን።

ኅዳር 13

ነገ ረቡዕ ነው፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ የነቢያት ጾም ይያዛል። ተጠርጣሪዋ ዛሬ በወጡ ላይ ቅቤ አበዛች። ጥፋተኛ ሰው ቅቤ ያበዛል። መኝታዬንም ወደ እሳቱ አስጠጋችው። «ለምን?» ስላት «ብርድ ነው» አለች። ኅዳር ድሮም ብርድ ነበረ፣ መኝታዬ ግን በቦታው ነበረ።

ሌሎች ምርመራዎች። አንደኛ፣ ልብስ ሰፊው ባለፈው ዓመት የሰፋልኝ ኮት ሰፍቷል። ጨርቁን ሲሰርቅ ሰው ያጠብባል፤ ይህ ሰውዬ ግን እያሰፋ የሚሰርቅበትን ዘዴ አላገኘሁትም። ሁለተኛ፣ በጋቢዬ ጫፍ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ። ከወጡ ነው። ወጡ አልጫ ነበር። ይህ ለጊዜው ይቆይ።

ሦስተኛ፣ ከሠርግ ቤት። የጎረቤት ልጆች ለእናትነሽ ሠርግ ዘፈን ሲለማመዱ ሰማሁ። ስለ ሙሽራዋ አንድ ቃል የለውም፤ ሁሉም የሣጥኑ ዘፈን ነው። ስለ ባሕር ዳርቻ ይዘፍናሉ። እናትነሽ ያየችው ትልቁ ውኃ ሲሞላ ፍየል የሚወስደው የዝቋላ ወንዝ ነው። ልገሥጽ ቀረብሁ፤ አሳለኝ፤ ልጆቹ በጸጥታ ቆመው እስክጨርስ ጠበቁኝ፤ እኔም ረሳሁት። ዜማው ክፉ እንዳልሆነ በምስጢር ይመዝገብ።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ፣ ቀን

ደጃፌ በለቃሽ ተሞልቷል። የሞትሁት እኔ ነኝ። በኋላ እጽፋለሁ።

ያው ዕለት፣ ማታ

አሁን ሁሉም ሄዷል፤ ወለተ ሰንበት እንኳ ሄዳለች፤ ስለዚህ በሥርዓት ይመዝገብ።

ከረፋዱ ላይ ደጃፌ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ከገበያው በኩል ዋይታ ተነሣ። «ደግሞ ማን ሞተ?» ብዬ ተነሣሁ፤ ሥራ መጣ ብዬ ነበር። ዋይታው ወደኛ ሠፈር ዞረ። የእናቴ ወገኖች፣ የዝቋላ ሰዎች፣ ሽማግሌው አያ ምሕረት ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ደረት እየመቱ ዳገቱን ወጡ። እየጮሁ የሚሉትን ሰማሁ፦

«ወዮ ገብረ ኪዳን! ወዮ የአባ ነጎድጓድ የልጅ ልጅ!»

ወጥመዴ ያዘ። የያዘው ግን እኔን ነው።

አጥሩ በር ላይ ደርሰው አዩኝ። አየኋቸው። ዋይታው በየሰዉ ጉሮሮ ላይ ቆመ። አንዲት ሴት ብቻ ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ትንሽ ቀጠለች።

«አለህ እንዴ?» አለ አያ ምሕረት።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አለሁ።»

«በሰላሕ ሱቅ ጥሩሐረግ እያወረደችልህ ሰማን። ስምህን ከነአያትህ ጠርታ! የራሷን ባል ሙሾ አውርዳ ደግሞ ምን ማስረጃ እንጠብቅ? ሸክማችንን ጥለን መጣን።»

ነገሩ ኋላ ተጣራ። ሰላሕ ለዕቃ ወደ ኮረም ሄዷል። እሜቴ ረሒማ ማንበብ አይችሉም፤ ገበያተኛው «የግራዝማችን ለቅሶ አሰሙን» ሲላቸው እጃቸው የገባውን ካሴት አስገቡ። የከተማው ሰው ሣጥኑ ሲያለቅስ ሰው ሞተ ማለት እንዳልሆነ ተምሯል፤ የዝቋላ ሰው ግን ሙሾ ከሰማ ሰው ሞቷል ብሎ የሚያምን፣ ያልተበላሸ ሰው ነው።

«እንግዲያ ግቡ፣ ዕረፉ» አልኋቸው። ማንም አልገባም። ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳወረዱ ቆመዋል። አንዷ፣ «አያ ምሕረት፣ ይህን ሁሉ ዳገት የወጣ እንባ ወዴት ይመለሳል?» አለች።

ሽማግሌው አሰበ። ኮቴን አየ፤ ጉንጬን አየ፤ ብዙ አየኝ። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣

«ልጄ፣ ለቅሶ ብድር ነው። አባትህ ሲሞቱ ያለቀስንላቸው አንተ በእናቴ ቀን ስለመጣህ ነው። ከዝቋላ እስከዚህ መንገዱን ታውቀዋለህ። ዛሬ ከመጣን አልቅሰን እንሂድ፤ ተቆጥሮ ይያዝልን» አለ።

«እኔ እያየሁ?»

«ምን ችግር አለ? ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ያወቀ ሟች አንተ ብቻ ትሆናለህ።»

ሳቅሁ፤ ሳቄ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ቶሎ አልቆመም። ቀና ስል ሁሉም ያለቅሱ ነበር። እኔም የሟች ባለ ሙሉ ሥልጣን ሆኜ ከደጃፌ ተቀምጬ ተለቀሰልኝ። ወለተ ሰንበት ንፍሮ ቀቅላ አቀረበች፤ እኔም አንድ እፍኝ በላሁ። ጨው አንሶታል።

ጥሩሐረግ የመጣችው ሰዉ ሲበተን ነው። ለሠርጉ እንጨት ልታግዝ ሄዳ ነበር። ከበሩ ላይ ቆማ አልገባችም።

«አንቱ» አለችኝ። አንቱ የምትለኝ ስትቆጣ ነው፤ ዛሬ ግን አልተቆጣችም።

«ግቢ። ሟቹ አይናከስም።»

ኅዳር 21

ሌሊቱን ተነጋገርን።

«ለምን?» አልኋት።

«በራሴ ቤት ማን ያወርዳል?» አለች። «የሐዘን ባለቤት ሙሾ አታወርድም፤ ትቀመጣለች። ያቺ ሌላዋ አውራጅ ጸሐይነሽ ልትመጣ ነው? እሷ የሰውን ስም ከአባቱ ጋር ማስማማት የማትችል! ያንተን ቀን ለሷ ልስጥ? ሥርዓቱ ቢፈቅድስ፣ እኔ ያን ቀን ጉሮሮ የሚኖረኝ ይመስልሃል? ሰላሕን ለመንሁት። በጓሮ አስገባኝ፤ ሣጥኑን ከፍቶልኝ ወጣ። ደኅና ሆኜ ሳለሁ ላውርደው፣ ያን ቀን እሱ ያውርደው፣ እኔ ከሰው ጋር ልቀመጥ ብዬ ነው።»

«ለጉንፋን ሙሾ ይወርዳል?»

 «ድሬሰሩ ያለኝን ልንገርህ?»

«ጉንፋን ነው አላለም?»

እሳቱን ቆሰቆሰች። «ጉንፋን ነው አለ።»

«ታዲያስ።»

«ከባድ ጉንፋን ነው» አለች። በዚሁ ተስማማን።

ግጥሙን ማን እንደገጠመ ጠየቅኋት። «ራሴ» አለች። እንግዲያ ልሰማው ይገባል ብዬ በጆሮዬ ዝቅ አድርጋ እንድትለው ለመንኋት፤ በዜማ ሳይሆን በንግግር። የመጀመሪያው እንዲህ ነው፦

ሰውን ሲያስቅ ኖሮ፣ ሲነካካ በቃል፤
ዛሬ ዝም አለና፣ አገሩን ማን ያስቃል።

ይህ ሙሉ ነው። ምቀኝነት ተሰማኝ። እኔ ሳልኖር ሲገጠም የመጀመሪያዬ ነው። ሁለተኛው ግን፦

ለሰው ሁሉ ሙሾ፣ ስታበጃጅ ኖረህ፤
ላንተ የሚሆን ቃል፣ ሳትሰጠኝ ሄደህ።

«ያነክሳል» አልኋት። «ረህ እና ደህ ጎረቤት እንጂ ዘመድ አይደሉም። በዚህ አንካሳ ቤት በአገር ፊት ልቀበር?»

ተቆጣች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ አደረገች። «እንግዲያ አቅናልኛ። ሰላሕ ሲመለስ እንደገና እቀዳዋለሁ።»

ኅዳር 24

አቀናሁት። ሁለተኛው መስመር «ላንተ የሚሆን ቃል፣ ከቤትህ ቸገረህ» ይሁን። ቤቱ ይመታል፣ ነገሩም ይናደፋል። ለሰው ሙሾ ካበጀሁት ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም። ጥሩሐረግን ገና አላሳየኋትም፤ በሰላሕ ፊት ላስደንቃት ነው። በኮቴ ኪስ ይዤዋለሁ።

ኅዳር 27፣ ማክሰኞ

ሰላሕ ተመለሰ። በወርቅአገኘሁ ትከሻ ተደግፌ ከጥሩሐረግ ጋር ወረድሁ፤ መንገዱ ቁልቁለትም ሲሆን እየረዘመ ነው። ሰላሕ ሲያየኝ ሊያለቅስ ደረሰ።

«አለቃ፣ እናቴ አላወቁም፣ ይማሩን። አሁኑኑ አጠፋዋለሁ። ከላዩ ሌላ ይቀዳበታል፣ ምልክቱም አይቀር።»

«ምልክቱም አይቀርም?»

«ምንም።»

«እንግዲያ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ጊዜ አሰማኝ። ተከሳሽ የቀረበበትን ቃል የመስማት መብት አለው።»

በጓሮ በኩል አስገባን። ጥሩሐረግ ከበሩ አጠገብ ጉሮሮዋን ለመቅዳት እያሰናዳች ቆመች። ሣጥኑ ሲጥ አለ፤ ከዚያ እሷ መጣች።

የመጀመሪያውን ግጥም እንደምታወርደው አወረደች፤ ከላይ ጀምራ፣ ገደል እንደሚወርድ ውኃ። አባ ነጎድጓድንም ጠራችልኝ፤ በእኔ ውሸት አያቴ አንድ ፈረስ አገኙ። ሁለተኛው ላይ ደረሰች። «ላንተ የሚሆን ቃል» አለችና ቆመች። በስንቱ ቀብር ሰምቻታለሁ፤ ልጅ ሲቀበር፣ እናት ሲቀበር፤ ድምፅዋ ተሰብሮ አያውቅም። አውራጅ ከተሰበረ ለቅሶው ይፈርሳል፤ ሙያው ይህ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ግን ተሰበረ። ከሩቅ የዶሮ ድምፅ ይሰማል፤ ሰላሕ ከውጭ ሲያስል ይሰማል፤ እሷ ትተነፍሳለች። ከዚያ «ሳትሰጠኝ ሄደህ» አለች፤ ያለ ዜማ፣ እንደ ወሬ፣ ቤት ውስጥ ለእኔ እንደምትናገረው።

ያነከሰው ግጥሙ መስሎኝ ነበር።

እጄን ወደ ኪሴ ሰድጄ ወረቀቱን በጣቴ አገኘሁት። አቅንቼ ብሰጣት አስተካክላ ታወርደዋለች፤ እንደ ግራዝማች፣ እንደ ታይቱ፣ ያለ እንከን። ያቺ ትንፋሽ ትጠፋለች፤ ምልክቷም አይቀር።

«እህስ?» አለች ጥሩሐረግ። «የቀናውን በል፤ ልቅዳው።»

«አላገኘሁም» አልኋት።

«አንተ?»

«ቃል አጣሁ።»

ዓይኔን ፈለገች፤ ሰጠኋት። ወደ ሰላሕ ዞርሁ። «ልጄ፣ ይህችን ካሴት እንዳትነካት። በላይዋ ስሜን ጻፍባት፤ እሜቴ ረሒማም እንዲለዩዋት ቀይ ክር እሰርባት።»

«እሺ፣ አለቃ።»

«አሁን እንደገና አሰማኝ። ከቆመችበት ትንሽ ቀደም አድርገህ።»

ወረቀቱን ማታ ከእሳት ጨመርሁት። ገብረ ኪዳን ቃል አጣሁ ማለቱን የሰቆጣ ሰው ከሰማ፣ ያን ጊዜ በእውነት ሞቷል ብሎ ያልቅስ።